«የበሬ ረኀብ» የተባለው ደዌ በሐኪም ዘንድ እንዴት ይታወቃል?

የጥንት ግሪኮች በሬን «ቡስ»፥ ረኀብን «ሊሞስ» ይሉ ነበር። ከሁለቱ ቃላት «ቡሊሚያ» የሚል ስም ወጣ፤ ትርጓሜውም የበሬ ረኀብ ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞች «ቡሊሚያ ነርቮዛ» የሚሉት ደዌ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከደዌው ጠባይ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። በፎገራ ሜዳ ከብት ያረባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በሬ ሲርበው ይግጣል፤ ሲጠግብ ይተኛል፤ ተኝቶም ያመሰኳል። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ግን ቢርበውም ባይርበውም መብላት ይጀምራል፤ ጠግቦም ማቆም አይችልም፤ ከበላም በኋላ ዕረፍት የለውም፤ የበላውን በፍርሃትና በኀፍረት ከሆዱ ለማውጣት ይጣደፋል።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ነገር በዛሬው ዓምዳችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደዌው በቋንቋችን የታወቀ የቤት ስም የለውም። ስም የሌለው ደዌ ደግሞ በየቤቱ የሌላውን ስም ይዋሳል። አንዱ ቤት ስስት ይለዋል፤ ሌላው የጨጓራ ሕመም ነው ይላል፤ ሦስተኛው የቡዳ ሥራ ያደርገዋል። አራተኛው ቤት ደግሞ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው፥ «ልጃችን ጾም ታበዛለች» እያለ ያመሰግናል። ስለዚህ ሐኪም ይህን ደዌ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅበትን መንገድ በየተራው እናስረዳለን። ወላጅ በቤቱ ሐኪም ይሁን ማለታችን አይደለም፤ መቼና ስለ ምን ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባው ይወቅ ማለታችን ነው።

ደዌን በስሙ አለማወቅ የሚያመጣውን ጉዳት ለወረታና ለአካባቢዋ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። የፎገራ ሜዳ የወባ አገር ነው። ከዚህ የተነሣ ከ1997 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ በጎረቤቱ በሊቦ ከምከም ወረዳና በፎገራ ትኵሳት የጸናባቸው ሰዎች ሲበዙ፥ ሁሉም ወባ መሰለ። የወባ መድኀኒት ተሰጠ፤ ትኵሳቱ ግን አልለቀቀም፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። መድኀኒት የማይበግረው ወባ መጣ ተባለ። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) በሚገባ ሲመረመር ግን ደዌው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፤ በአዲስ ዘመንም ሕክምናው ተጀመረ። ከምርመራው በፊትም ሆነ በኋላ ደዌው ያው ነበር፤ የተለወጠው የመርማሪው ጥያቄ ነው። ካላ አዛር ከሰው ወደ ሰው በዝንብ የሚሄድ የሥጋ ደዌ ነው፤ ቡሊሚያ ደግሞ የማይጋባ የአእምሮ ደዌ ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት ግን በዚህ ነው፤ ያልተጠረጠረ ደዌ አይገኝም።

ቡሊሚያ ራሱም ለረጅም ዘመን ያልተጠረጠረ ደዌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ጄራልድ ራስል የተባለ የሎንዶን የአእምሮ ሐኪም ስለ 30 ሕመምተኞች የጻፈው ጽሑፍ ታተመ። ሕመምተኞቹ ውፍረትን እጅግ ይፈሩ ነበር፤ ነገር ግን መብላትን መግታት እያቃታቸው በብዙ ይበሉ ነበር፤ ከዚያም ራሳቸውን ያስመልሱ ወይም የሚያስቀምጥ መድኀኒት ይወስዱ ነበር። «ቡሊሚያ ነርቮዛ» የሚለውን ስም የሰጠው እርሱ ነው። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቡሊሚያን በደዌዎች መዝገቡ አገባው። ዛሬ ሐኪሞች የሚመሩባቸው ሁለት መዝገቦች አሉ፤ አንደኛው የዚሁ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛው መዝገብ ነው። የአሜሪካው መዝገብ አምስት ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ ብቻ ደዌው ቡሊሚያ ነው ይላል። እነዚህንም አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

1ኛ፤ ከልክ ያለፈ መብላት። በአጭር ጊዜ ውስጥ፥ ይኸውም በሁለት ሰዓት ያህል፥ ሌላው ሰው በዚያው ጊዜና በዚያው ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የሚበልጥ መብል መብላት ነው። «በዚያው ሁኔታ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የ55 ቀን ጾም ተፈጽሞ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ወጡ ሲቀርብ፥ በጥር ሰርግ ዳሱ ሲሞላ፥ ወይም በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ ደርሶ ወንፈሉ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ውሎ ማታ ከማዕድ ሲቀመጥ፥ ሰው ሁሉ አብዝቶ ይበላል። ይህ በዓል ነው፤ የሥራም ዋጋ ነው፤ ደዌ አይደለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ይኸውም በተራ ቀን፥ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በሌለበት፥ መሶቡን ከፍቶ እንጀራውን ባዶውንም ቢሆን በፍጥነት መጨረስ፥ ሆድ እስኪታመም ድረስ መብላት ነው።

ከብዛቱም ይልቅ ሐኪሙ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለ ፈቃድ ነው። ሕመምተኛዋ መብላት ከጀመረች በኋላ ማቆም እንደማትችል፥ ምን እንደምትበላና ምን ያህል እንደምትበላ ራሷን መግዛት እንደማይሆንላት ትናገራለች። የበዓል እንግዳ ቢፈልግ እጁን ይሰበስባል፤ አስተናጋጇ «በሞቴ» ብላ ብታጐርሰው እንጂ በገዛ እጁ መተው ይችላል። በዚህ ደዌ የተያዘ ሰው ግን መተውን እየፈለገ መተው ያቅተዋል። እዚህ ላይ «ሕመምተኛዋ» ማለታችን ደዌው በሴቶች ላይ ስለሚበዛ ነው፤ ወንዶችንም እንደሚይዝ ግን መዘንጋት አይገባም።

2ኛ፤ የበሉትን ለማካካስ የሚደረግ ጎጂ ነገር። ይህም ጣትን ወደ ጕሮሮ ሰዶ ማስመለስ፥ የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኀኒት መውሰድ፥ ቀኑን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ከመብል መከልከል፥ ወይም ሰውነት እስኪዝል በስፖርት መድከም ነው። ዓላማው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውፍረት እንዳይመጣ መከላከል። በዚህ ስፍራ የአገራችን ሐኪም ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል፤ በእኛ ቤት የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ነገር ሁሉ የውፍረት ፍርሃት አይደለምና። አያቶቻችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶም ሆድን ያጥባል። በጸበል ቦታም ሕመምተኛ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ያስመልሳል። እነዚህ በግልጽ፥ በቤተ ሰብ ወይም በአባቶች ፊት፥ ስለ ታወቀ ምክንያት የሚደረጉ ናቸው። ቡሊሚያ ግን በር ዘግቶ፥ ውኃ አስጩሆ፥ ድምፅን ደብቆ የሚደረግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የጾም ነገር ነው። አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። ከሌላ አገር የመጣ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ መርማሪ «ከመብል መከልከል» የሚለውን አይቶ የጾመን ሁሉ ሕመምተኛ ቢያደርግ ይሳሳታል። በተቃራኒውም «ጾም ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚያልፍ ሐኪም ይሳሳታል። ልዩነቱ በጥያቄ ይታወቃል። ጾሙ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጾመው ነውን? ወይስ ልጅቱ ለብቻዋ የጨመረችው ነው? የጾሙ ሰዓት ሲፈጸም ከቤተ ሰቧ ጋር ትቈርሳለችን? ወይስ ያን ጊዜ ሌላ ምክንያት ታመጣለች? ጾሙ የጀመረው ብዙ ከበላችበት ሌሊት ማግሥት ነውን? ደግሞም ጾሙ ሲፈታ ደስ ይላታልን? ወይስ ትደነግጣለች? ጾም ጊዜ አለው፤ መጀመሪያውም ፍጻሜውም የታወቀ ነው፤ የሚጾመውም ከማኅበሩ ጋር ነው። የውፍረት ፍርሃት ግን የቀን መቍጠሪያ የለውም።

3ኛ፤ መደጋገም። አንድ ቀን ከልክ በላይ በልቶ ያስመለሰ ሰው በዚህ ብቻ ሕመምተኛ አይባልም። በአሜሪካው መዝገብ መሠረት ከልክ ያለፈው መብላትና ማካካሻው ሁለቱም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ለ3 ወር ያህል መታየት አለባቸው። ከ2013 በፊት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ነበር፤ ብዙ የሚሠቃዩ ሰዎች በዚህ ልክ ከሕክምና ውጭ ስለ ቀሩ ዝቅ ተደረገ። የዓለም የጤና ድርጅት ግን የአንድ ወር ድግግሞሽን ይበቃል ይላል። የደዌውም ጽናት የሚለካው በማካካሻው ብዛት ነው፤ በሳምንት ከ1 እስከ 3 ጊዜ ከሆነ ቀላል፥ ከ4 እስከ 7 መካከለኛ፥ ከ8 እስከ 13 ከባድ፥ 14ና ከዚያ በላይ ከሆነ እጅግ የከፋ ይባላል።

4ኛ፤ ራስን በሰውነት ቅርጽ መመዘን። ሰው ሁሉ መልኩን በመጠኑ ያስባል። ሕመምተኛዋ ግን የራሷን ዋጋ ሁሉ፥ ትምህርቷን፥ ጠባይዋን፥ ሰው የሚወዳት መሆኑን ጭምር፥ በወገቧ ስፋትና በሚዛን ቍጥር ትለካዋለች። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ወፈርሽ መባል ምርቃት ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በፊጂ ደሴቶች የሆነውን ያስተውሉ። በዚያም አገር ወፈር ያለ ሰውነት የውበትና የመልካም አያያዝ ምልክት ነበር። በናድሮጋ አውራጃ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 በገባ ጊዜ አን ቤከር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ፤ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ዳግመኛ ሲጠይቁ ግን ከመቶ 11.3 የሚሆኑት ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ዛሬ ያን ጊዜ በፊጂ ቴሌቪዥን ያሳየውን ሁሉ፥ ከዚያም የሚበልጠውን፥ የወረታ ልጃገረድ በእጇ በያዘችው ስልክ ታየዋለች።

5ኛ፤ ከሌላው ደዌ መለየት። ሰውነት እጅግ እስኪከሳ ድረስ መብልን የሚያስተው ሌላ ደዌ አለ፤ «አኖሬክሲያ ነርቮዛ» ይባላል። ሕመምተኛዋ እጅግ የከሳች ከሆነች፥ ብትበላና ብታስመልስም እንኳ፥ ስሙ ያ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ከልክ በላይ መብላት ኖሮ ማካካሻው ከሌለ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ ሐኪሙ ቁመትና ክብደትን ይለካል። የቡሊሚያ ሕመምተኛ ክብደት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው፤ ጥቂትም ወፈር ሊል ይችላል። ወላጅም ሐኪምም የሚታለሉት በዚህ ነው። የእንግሊዝ ልዕልት ዲያና ፎቶግራፏ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደዌ ለዓመታት እንደ ነበረባት ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በኅዳር ወር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርባ በገዛ አንደበቷ ተናገረች።

እንግዲህ ከላይ ከተዘረዘሩት አምስቱ ነገሮች አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ መሆናቸውን አንባቢ አስተውሏል። በደም ምርመራ «ቡሊሚያ አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ አይገኝም። ደዌው የሚታወቀው በጭውውት ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም እናትን ወይም ባልን ጥቂት ጊዜ በደጅ እንዲቈዩ ይለምናል፤ ልጅቱንም ለብቻዋ በለሆሳስ ይጠይቃታል። «መብላት ጀምረሽ ማቆም ያቃተሽ ጊዜ ነበረን? ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ? በሳምንት ስንት ጊዜ ይሆናል? አንድ ኪሎ ብትጨምሪ ስለ ራስሽ ምን ታስቢያለሽ?» ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዝ ሐኪሞች ያወጡት የአምስት አጫጭር ጥያቄዎች መጠይቅም አለ፤ ስለ ማስመለስ፥ ራስን ስላለመግዛት፥ በ3 ወር ውስጥ ስለ ደረሰ ብዙ መክሳት፥ ወፍራም ነኝ ብሎ ስለማመንና ስለ መብል ሐሳብ መብዛት ይጠይቃል። ሁለቱን «አዎን» ያለ ሰው የበለጠ መመርመር ይገባዋል፤ መጠይቁ ግን በር ማንኳኳት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ከጭውውቱ በኋላ ሐኪሙ ሰውነትን ይመረምራል። ደጋግሞ ያስመለሰ ሰው የጥርሱ የውስጥ ገጽ በጨጓራ አሲድ ይበላል፤ ጕንጩ ከጆሮው ሥር ጆሮ ደግፍ እንደ ያዘው ሰው ያብጣል፤ ሕመም ግን የለውም። በእጁ ጣቶች መገጣጠሚያ ጀርባ ላይም ጥርስ የፈገፈገው ጠባሳ ወይም መጅ ይታያል። ማጭድ የያዘች እጅ መጅዋ በመዳፏ ላይ ነው፤ ይህኛው ግን በእጅ ጀርባ ነው። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ባይኖሩም ደዌው ሊኖር ይችላል፤ የማታስመልስ ነገር ግን በሌላ መንገድ የምታካክስ ሕመምተኛ አንዱንም ላታሳይ ትችላለች።

የደም ምርመራ ሌላ ጥቅም አለው፤ የአደጋውን መጠን ይናገራል። ማስመለስና የሚያስቀምጥ መድኀኒት ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከደም ያጐድላሉ፤ እርሱም ሲጐድል ጡንቻ ይዝላል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ በድንገት ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የደሙን ማዕድናት ያስለካል፤ የልብን ምት በመሣሪያ ይመዘግባል። ማስመለስን የሚያመጡ ሌሎች ነገሮች እንዳሉም ይመረምራል፤ እርግዝና፥ የጨጓራ ቍስል፥ የሆድ ትላትልና የወባ ትኵሳት በአካባቢው የተለመዱ ናቸውና። የመንፈስ ጭንቀትና ሐዘን ከዚህ ደዌ ጋር ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ፥ ራስን የመጉዳት ሐሳብ አለ እንደ ሆነም በግልጽ ይጠይቃል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ ድርሻ ምንድን ነው? ከማዕድ እንደ ተነሡ ዘወትር ወደ መጸዳጃ መሄድ፥ ከጓዳ የመብል መጥፋት፥ የሚያስቀምጥ መድኀኒት ተደብቆ መገኘት፥ ከቤተ ሰብ ጋር ላለመብላት ምክንያት ማብዛት፥ እነዚህ አብረው ሲታዩ ወላጅ ሊያስብ ይገባዋል። በጎረቤት ፊት መውቀስ፥ «ይህ ሁሉ እንጀራ የት ገባ?» ብሎ ማሳፈር፥ በር ሰብሮ መያዝ ደዌውን ወደ ጥልቅ ስውርነት ይገፋዋል። እናት ልጇን ለብቻዋ ጠርታ፥ «ልጄ፥ ከማዕድ በኋላ ስትጨነቂ አያለሁ፤ ልቈጣሽ አይደለም፤ አብረን ሐኪም እንጠይቅ» ብትላት ይበልጣል። ልጅቱ ካስመለሰች ወዲያው ጥርሷን እንዳትፍቅ፥ አፏን በውኃ ብቻ እንድትጉመጠመጥ ይነገራት፤ አሲድ የነካው ጥርስ ሲፋቅ ይበልጥ ይጎዳልና። ራሷን ከሳተች፥ ልቧ ከተዛባ፥ ወይም ደም ካስመለሰች ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሕክምና ትወሰድ።

የንስሓ አባትም በዚህ ነገር ታላቅ ስፍራ አላቸው፤ ብዙ ልጆች ለወላጅ የማይነግሩትን ለእርሳቸው ይነግራሉና። የታመመ ሰው ጾሙ በንስሓ አባቱ ምክር እንዲቀልለት መደረጉ የቆየ ሥርዐት ነው። ሐኪሙ በሰዓቱ መመገብን ሲያዝ፥ አባ ደግሞ «ልጄ፥ አሁን የታዘዘልሽን መብል መብላት መታዘዝ ነው» ቢሏት፥ የልጅቱ ልብ ከሁለት አይከፈልም። ጸበል የምትጠጣ ከሆነችም ደዌዋን ለአጥማቂው አባት መንገር ይገባል፤ ፖታሲየም የጐደለው ሰው ብዙ ውኃ ጠጥቶ ደጋግሞ ቢያስመልስ ለልቡ ያሰጋዋልና።

በወረታ የሚኖር ቤተ ሰብ በቅርቡ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር። ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር፥ ወይም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ባሕር ዳር፥ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ለመርማሪው «ታስመልሳለች» ብቻ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ለጨጓራ መድኀኒት ተሰጥቶ መመለስ ይመጣልና። ከስንት ወር ጀምሮ፥ በሳምንት ስንት ጊዜ፥ ከምን በኋላ እንደሚሆን በወረቀት ጽፎ መሄድ ምርመራውን በብዙ ያቀናዋል። ደዌው ከታወቀ ሕክምና አለው። ዋናው በተወሰነ ሰዓት መመገብንና ስለ ሰውነት ያለውን ሐሳብ ማቃናትን የሚያስተምር በየሳምንቱ የሚደረግ የምክር ሕክምና ነው፤ ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኀኒትም በሐኪም ትእዛዝ ይረዳል። ብዙዎች ይድናሉ፤ ቶሎ የተጀመረለትም ይበልጥ ይቀልለታል።

በመጨረሻ ይህን እናሳስባለን። ልጅ በልታ ብታድር፥ ጾማ ብትውል፥ ሰውነቷም ደኅና ቢመስል፥ ወላጅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም በመብል ጊዜ ልቧ ሰላም አለውን? የሚል ነው። መልሱን በቍጣ የሚያገኘው የለም። በትዕግሥት የሚጠይቅ ቤት ግን ሐኪሙ ሊሠራው ከሚገባው ሥራ ግማሹን አስቀድሞ ሠርቶለታል።